የመርዝ መሐንዲሶችና የእኛ ጎተራ

ብዙ መንግሥታት በሠራዊታቸው ውስጥ አንድ ለየት ያለ የመሐንዲስ ጦር ያቆማሉ። ይህ ጦር ድልድይ አይዘረጋም፤ ምሽግም አይቆፍርም። ሥራው መርዝ ጋዝ፥ የበሽታ ተሐዋስያን ወይም የኑክሌር ጨረር ባለበት ቦታ ከሁሉ ቀድሞ መግባት፥ የወረደውን ነገር ለይቶ መለካት፥ ቦታውን ማጠር፥ ሰውንና ምድሩን ማጠብ ነው። በ1978 ዓ.ም. የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ በፈነዳ ጊዜ የሶቪየት ኅብረት መንግሥት የላከው ይህንኑ ዓይነት ጦር ነበር። በ1987 ዓ.ም. መጋቢት ወር በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን የተባለው የነርቭ መርዝ ሲለቀቅ፥ ፉርጎዎቹን ያጠቡት የጃፓን ሠራዊት የኬሚካል ክፍል ወታደሮች ነበሩ። ኢጣልያም ዛሬ በቺቪታቬኪያ ከተማ «ክሬሞና» የተባለ ሰባተኛ ሬጅመንት አላት፤ ተግባሩ ከኬሚካል፥ ከባዮሎጂ፥ ከጨረርና ከኑክሌር አደጋ መከላከል ነው። ኢጣልያ! ይህን ስም ያነበበ ጎጃሜ ትንሽ ቆም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

«እናንተ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች፥ ከግጥምና ከታሪክ አልፋችሁ ስለ መርዝና ስለ ጨረር ምን አገባችሁ?» የሚል ወንድም አይጠፋም። እኛ የቢቸናና የሞጣ ልጆች ነን፤ ያገባናል። ነገሩ እንደምን እንደሚያገባን ለማስረዳት ግን ከሰማንያ ዓመታት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆናል።

ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃም ገዥ ሳሉ፥ በ1928 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር አስከትለው በበጌምድር በኩል ወደ ሽሬ ዘመቱ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ተከዜን ተሻግረው በደምበጉና ጠላትን ድል አደረጉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሳቸው ለኢጣልያዊው የታሪክ ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ ተርከውለታል። ታኅሣሥ 13 ቀን አውሮፕላኖች መጡ፤ የጣሉት ግን እንደ ወትሮው ቦምብ አልነበረም፥ እንግዳ የሆኑ በርሜሎች ነበሩ። ከውስጣቸው ቀለም የሌለው ፈሳሽ ተረጨ። ጥቂት ቆይቶ የሰዉ እጅ፥ እግርና ፊት ያብጥና ይላጥ ጀመር። ሊታጠብና ሊጠጣ ወደ ወንዙ የወረደው ደግሞ የባሰ ደረሰበት። ራስ እምሩ ምን ትእዛዝ እንደሚሰጡ ጨነቃቸው። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል። ያ ጦር ልብ አላነሰውም፤ ጥይትና መድፍ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር። መሪውም በዘመኑ ከነበሩት መኳንንት መካከል የተማሩና አስተዋይ ሰው ናቸው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በመላው ጦር ውስጥ «ይህ ነገር እንዲህ ይባላል፥ እንዲህም አድርጉ» የሚል አንድ ሰው አልነበረም።

ነገሩ ኢፕሪት ወይም የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነው። ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ቆዳ ሲነካ ወዲያው አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚያቃጥለው። ሰውየው ስላላመመው ልብሱን ሳያወልቅ ይውላል። ሸማ ይመጠዋል፤ የጫማን ቆዳ እንኳ ያልፋል፥ ባዶ እግርማ ምን ይመክተዋል? ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ስለዚህ የወንዝ መሻገሪያ ከቦታዎች ሁሉ የከፋው ነው። በጥላና በብርድ ቦታ ሳይጠፋ ለቀናት ይቆያል። ማርከሻ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ነገር ግን ልብስን ቶሎ አውልቆ መጣል፥ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በብዙ ንጹሕ ውሃ መታጠብ፥ ወደ ከፍታና ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መሸሽ፥ ከተነካው ውሃ አለመጠጣት ብዙ ሰው ያድናል። ይህን ለማወቅ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ሩብ ሰዓት ትምህርት ይበቃል። በአዲስ አበባ እመቤቶች ተሰብስበው ለዘማቹ የጋዝ ጭምብል ይሰፉ ነበር፤ እጃቸው ይባረክ። ግን ጭምብል ፊትንና ሳንባን እንጂ የባላገሩን እግር አይሸፍንም።

በወዲያኛው ወገን ደግሞ ዕውቀቱ ሞልቶ ነበር። የኢጣልያ ሠራዊት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የወታደራዊ ኬሚካል አገልግሎት ነበረው። በእኛ ጦር ግንባር የተሰለፈው ክፍል «ኬ አገልግሎት» በሚል ስውር ስም ይጠራ ነበር። አውሮፕላን የሚጥለው ቦምብ «ሲ 500 ቲ» ይባላል፤ 212 ኪሎ ያህል ኢፕሪት ይይዛል፥ መሬት ሳይደርስ 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈንድቶ እንደ ዝናብ እንዲወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ብቻ ከ900 የማያንሱ እንዲህ ያሉ ቦምቦች ተጥለዋል። እኛ በሒሳብ ደካሞች ብንሆንም ብናባዛው 200 ቶን ገደማ ይመጣል። በአምባ አራዶም ጦርነት ደግሞ መድፈኞቹ ከ1,300 በላይ የአርሲን ጥይት ተኩሰዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢጣልያ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቫ ስምምነት በ1920 ዓ.ም. አጽድቃ ነበር። ሙሶሊኒ ማንኛውንም ጋዝ በሰፊው ለመጠቀም ለባዶሊዮ የፈቀደበት ቴሌግራም ታኅሣሥ 18 ቀን ተጻፈ። ተከዜ ላይ የጎጃም ልጅ የተቃጠለው ታኅሣሥ 13 ነው። ፈቃዱ እንኳ ከመርዙ አምስት ቀን ዘግይቶ መጣ ማለት ነው።

ግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው የተናገሩትን ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስለ ተማርን አንደግመውም። ያልተማርነውን እንናገር። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ልዑክ ማርሴል ዡኖ በቆረም የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቷል፤ ለአለቆቹም አስታውቋል። የመንግሥታት ማኅበር ማስረጃ ሲጠይቅ ግን ኮሚቴው ገለልተኛ ነኝ ብሎ በእጁ ያለውን ሳይሰጥ ቀረ። ሌላም እንጨምር። በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በሰሜን ሸዋ፥ ዘረት በተባለው ቦታ፥ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ተከበቡ። እጅ አንሰጥም ስላሉ የግራናቲየሪ ዲ ሳቮያ ክፍለ ጦር የኬሚካል ክፍል ተጠራ። ወታደሮቹ ኢፕሪቱን ከገደሉ አናት በገመድ አውርደው በዋሻው አፍ ላይ አፈነዱት። እየታፈኑ ከወጡት መካከል በመቶ የሚቆጠሩ ወንዶች ተረሸኑ። የዚህ ሥራ መዝገብ በኢጣልያ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጦ ሲኖር፥ ማቴኦ ዶሚኒዮኒ የተባለ ወጣት የታሪክ ሰው አግኝቶት በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ድረስ መጥቶ አየው። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር በምክር ቤት ፊት ጋዝ ስለ መጣሉ በይፋ ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው። የእኛ መንግሥት ዓለም አቀፉን የኬሚካል መሣሪያ ክልከላ ስምምነት ያጸደቀውም በዚያው በ1988 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ «እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል» ይባላል። እኛ ግን እባቡ ነክሶን እያለ ልጡን ቀርቶ ሁለተኛውን እባብ እንኳ አናይም። ቁስሉን ለሐዘንና ለክስ አዋልነው፤ ተገቢ ነው፥ አንቃወምም። ለትምህርት ግን አላዋልነውም። ኢፕሪትን በታሪክ ክፍል እንጂ በኬሚስትሪ ክፍል፥ በሕክምና ክፍልና በገበሬው ደጅ አላነሣነውም።

ሁለተኛው እባብ ያልነው የት ነው? ከደጀን በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ በክረምት ማብቂያ የተጓዘ ሰው የሚያየውን እናስታውሰው። በጤፉና በስንዴው ማሳ ውስጥ ገበሬው መርጫውን በጀርባው አዝሎ፥ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፥ በባዶ እግሩ ወይም በፕላስቲክ ጫማ «ቱፎርዲ» ይረጫል። ነፋስ ይመልስበታል፤ መርጫው ያንጠባጥብበታል። ባዶውን ዕቃ ሚስቱ አጥባ ዘይት ወይም ጠላ ታደርግበታለች፥ ጥሩ ክዳን አለውና። ይህ ጸረ አረም ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር የዋህ የሚባለው ነው።

የዋህ ያልሆነው ጎተራ ውስጥ ነው። የነቀዝ ክኒን የምንለው ነገር አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ሦስት ግራም የምትመዝነው አንዷ ፍሬ የአየርን እርጥበት ስታገኝ አንድ ግራም ፎስፊን የተባለ ጋዝ ታወጣለች። እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ዓሣ የሚሸት ጋዝ ነው፤ ማርከሻ የለውም። አሠራሩ በታሸገ መጋዘን፥ ሰው በሌለበት፥ ለቀናት ተዘግቶ፥ ከዚያ በኋላ ነፋስ ገብቶበት የሚከፈት ነው። በእኛ አገር ግን ጎታው የሚቆመው ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ ነው። ክኒኑም በገበያ ቀን በፍሬ ይሸጣል፥ ሻጩ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል። በወረቀቱ ላይ የሚነበበው ምናልባት የአንድ ተማሪ የሒሳብ መልመጃ ይሆናል። የተናደደች ወይም የተዋረደች ልጃገረድ ይህን ክኒን መዋጧን ሰምቶ የማያውቅ የወረዳችን ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

እዚህ ላይ ነው የአርት ፋኩልቲ ጉዳይ የሚመጣው። ይህን ሁሉ ሕዝባችን ምን ብሎ ይጠራዋል? «መድኃኒት» ይለዋል። የአረም መድኃኒት፥ የነቀዝ መድኃኒት፥ የተባይ መድኃኒት። ሐኪም ለሕፃን የሚሰጠውም መድኃኒት ነው። መድኃኒት የሚለው ቃል ከማዳን የመጣ መሆኑን፥ በቅዳሴያችንም ለማን እንደሚነገር ለካህን ልጆች አንነግራቸውም። ነጋዴው ለገበሬው «መድኃኒት» ብሎ ሲሸጥለት ገበሬው እንደ መድኃኒት ይይዘዋል፤ እንደ መድኃኒትም ከትራሱ ሥር ያስቀምጠዋል። «መርዝ» ብንለው ኖሮ ከመጀመሪያው እጁን ይሰበስብ ነበር። ባላገር መርዝ ምን እንደ ሆነ አሳምሮ ያውቃል።

ይህ የእኛ የቃላት ጨዋታ ነው የሚል ካለ አንድ ነገር እናሳየው። ገርሃርት ሽራደር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ተባይ የሚገድል ነገር ሲፈልግ፥ ታቡን የተባለውን የመጀመሪያውን የነርቭ መርዝ አገኘ። በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 23 ቀን 1936 ነበር፤ የጎጃም ጦር በተከዜ ከተቃጠለበት ዕለት ልክ አንድ ዓመት መሆኑ ነው። የቶኪዮው ሳሪን የታቡን ታናሽ ወንድም ነው። ዛሬ በጎተራችን የሚነሰነሰው አክቴሊክና በማሳ የሚረጨው ማላታዮን፥ ኃይላቸው እጅግ የቀለለ ቢሆንም፥ ከዚያው ቤተሰብ የሚወለዱ ናቸው፤ ሰውነትን የሚይዙትም በዚያው መንገድ ነው። በጦር መሣሪያውና በሱቁ ዕቃ መካከል ያለው ግንብ እኛ እንደምናስበው ወፍራም አይደለም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አገራችን መርዝን የሚያውቅ፥ የሚለካ፥ የሚያጥብ የመሐንዲስ ጦር ያስፈልጋታል፤ ሥራውም የጦር ሜዳ ብቻ እንዳይሆን፥ የቢቸና መጋዘንና የሞጣ ገበያ እንዲጨመርበት ያስፈልጋል። መርዝ በሚፈስበት ቦታ ልብሱን ለብሶ መግባትን ያወቀ ወታደር፥ በሰላም ጊዜ ያረጀ የጸረ ተባይ ክምችት ያጸዳል፤ የወረዳውን የግብርና ባለሙያና የጤና ጣቢያውን ሠራተኛ ያስተምራል።

ሁለት መቃወሚያ እንሰማለን። አንደኛው የድህነት ነው፦ «እንጀራ ሳይኖር ጭምብል!» ይባላል። ግን ስንፍና ራሱ ዋጋ አለው። በአገራችን ውስጥ በየመጋዘኑ ለዓመታት የተጠራቀመ፥ ጊዜው ያለፈበት፥ ከየበርሜሉ የሚፈስ ጸረ ተባይ ነበር። እርሱን ለማጽዳት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የውጭ እርዳታ ተጠይቆ፥ የውጭ ኩባንያ መጥቶ፥ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ታሽጎ በመርከብ እስከ ፊንላንድ ተወስዶ ተቃጠለ። ፊንላንድ ድረስ! መርዙን የገዛነውም የሸኘነውም በውጭ ገንዘብና በውጭ ባለሙያ ነው። በ2002 ዓ.ም. የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ወጥቷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁ በፍሬ ክኒን ከሚሸጥበት የቅዳሜ ገበያ ወርዶ አላየነውም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል፤ እኛም ራሳችን ስንከራከርበት አምሽተናል። መርዝን ማጠብ የሚያውቅ ሁሉ መጣሉንም ያውቃል። በዘረት ዋሻ የነበሩት ወታደሮች ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሙያቸው ነው የገደለው። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ለሠራዊት ብቻ ሰጥቶ በር መዝጋት አያስተማምንም። ወገናችንም በአውሮፕላንና በደንብ ልብስ ላይ ያለው ትዝታ ቀላል አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፥ መሬታችን ሊለካ ነው ብለው ከተነሡት መካከል የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ዋነኞቹ ነበሩ፤ በመጨረሻ ገዥው ከመሻሩ በፊት አውሮፕላን ጭምር ተላከባቸው። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ፥ ጭምብል ያጠለቀና ነጭ ልብስ የለበሰ ወታደር መለኪያ ይዞ ደጁ ቢቆም፥ «ጤናህን ልጠብቅ መጣሁ» ቢለው ያምነዋልን? የበላይ ዘለቀ አገር ነው፤ ማመን አይቸኩልም።

ስለዚህ ሙያው ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲቀመጥ እንፈልጋለን። የሚያሠለጥነው መምህር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሁን፤ ትምህርቱ ለሲቪሉም ይከፈት፤ የሚለካው ነገር ውጤት ለቀበሌው በአማርኛ ይነገር። ለሌላውም ዓለም እንግዳ ነገር አይሆንም፥ የኬሚካል መሣሪያ ክልከላ ስምምነት ራሱ የተመሠረተው አንዱ የሌላውን ቤት ገብቶ እንዲያይ በመፍቀድ ላይ ነው። ምስጢር በበዛበት ቦታ «ኬ አገልግሎት» ይበቅላል።

እስከዚያው ግን ጦሩ እስኪቋቋም ቁጭ ብለን አንጠብቅ። ባላገር የራሱ ዘዴ ነበረው፦ ማሽላውንና በቆሎውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጥ ነበር፤ ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፥ በፍሬዎቹ መካከልም ገብቶ መተላለፊያ ያሳጣዋል። አመድና ጭስም ነበረው። ይህ ሁሉ በቂ ነው አንልም፤ ሰው ክኒን የሚገዛው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን እህሉ ስለሚያልቅበት ነው። ነገር ግን የሚቻለው ቦታ ላይ የቀደመው ዘዴ ይበቃው እንደ ሆነ የግብርና ተማሪዎች መርምረው ይንገሩን።

የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ወርዶ የሚያገለግልበት ደንብ ነበር። ደንቡ ቀርቷል፤ የክረምቱ ዕረፍት ግን አለ። ዘንድሮ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የምንሄድ ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። የኬሚስትሪና የሕክምና ጓደኞቻችን ከሰኔ በፊት አንድ ገጽ ጽሑፍ እንዲያዘጋጁልን እንለምናለን፤ እኛ ደግሞ ባላገር በሚሰማው አማርኛ እንመልሰዋለን፤ በዚሁ በማኅበሩ ማባዣ መኪና እናባዛዋለን። በሰንበቴ፥ በዕድርና በገበያ ቀን እንዲነበብ ነው። ገጹ የሚናገረው አምስት ነገር ይበቃል፦ ክኒኑ ሰው በሚተኛበት ቤት እንዳይገባ፤ ሲረጭ እግርና እጅ እንዲሸፈን፥ ነፋሱም ከጀርባ እንዲሆን፤ የነካው ልብስ ወዲያው ወልቆ ሰውነት በብዙ ውሃ እንዲታጠብ፤ ባዶው ዕቃ ተበስቶ እንዲቀበር፥ ውሃም እንዳይቀዳበት፤ የዋጠ ወይም የተነፈሰ ሰው ካለ ጊዜ ሳይጠፋ፥ መጠቅለያው ከተገኘ ከእነ መጠቅለያው፥ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ። በገጹም ላይ ከላይ እስከ ታች «መድኃኒት» የሚል ቃል እንዳይገኝ፤ በሁሉም ቦታ «መርዝ» ተብሎ ይጻፍ።